ለሦስት የጠበበው ወንበር

ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጻፍ ግጥም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በናፍቆት ነው። ብይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ጠመኔ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ተደርድረው ይመጣሉ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ብቅ ብሎ «ያ የዋህነት ወዴት ሄደ» ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ግጥም ይህን ይመስላል፦

የልጅነት ዘመን ንጹህ የነበረው፣
እንደ ጉም በነነ ጊዜ ቀየረው።

እዚህ የሚታይ ነገር የለም። «ንጹህ» እና «ጊዜ» የማንም ልጅ ዕቃ አይደሉም። ምጣኔውም ጎድሏል። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት በአንድ ስንኝ 12 ቀለም (በአፍ ተነጥሎ የሚሰማ ድምፅ) ይዞ ከመሀል 6 በ6 ይከፈላል፤ «ጊዜ ቀየረው» ግን 5 ብቻ ነው። «ቀያየረው» ቢባል ቁጥሩ ይሞላል፣ ሐሳቡ ግን ባዶ እንደሆነ ይቀራል።

ቀለም ሲቆጠር ፊደል አይቆጠርም። «ትምህርት ቤት» 7 ፊደል ነው፣ በአፍ ግን ትም፣ ህርት፣ ቤት ብሎ በ3 ያልቃል። እንደ ም፣ ር፣ ት ያሉ ሳድስ ፊደላት ብዙ ጊዜ ከፊታቸው ባለው ድምፅ ይዋጣሉና። ጠብቆ የሚነበብ ፊደልም ቀለም አይጨምርም። ስለዚህ ጠረጴዛ እየመቱ ጮክ ብሎ ማንበብ በወረቀት ላይ ከመቁጠር ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይመረጥ። ለምሳሌ የስም ጥሪ። አንድ ጠዋት ስም ይጠራል፣ «አቤት» የሚል ይጠፋል። ልጁ ለምን እንደቀረ ግጥሙ አይናገርም፤ ተናጋሪው ልጅም አያውቅም፦

ሦስቴ ተጠራና «አቤት» ባይ ታጣለት፣
ቀይ መስመር መጣና ስሙን ሰረዘበት።
ለሦስት የጠበበው ወንበር ሰፊ ሆነ፣
ክርኔ ክርኑን አጥቶ ባየር ላይ ባከነ።

እዚህ «በአየር» ቢጻፍና እንደተጻፈ ቢነበብ ሐረጉ 7 ይሆናል፤ «ባየር» ያለው ለዚያ ነው። ቤት አመታቱን ካየን ሁለተኛው ጥንድ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «ታጣለት» እና «ሰረዘበት» የሚገናኙት በቅጥያ ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እንዲህ ዓይነቱ ቤት መምቻ በነፃ ይገኛል፣ ጆሮም ቶሎ ይሰለቸዋል። «ሆነ» እና «ባከነ» ግን በየራሳቸው ሥር ነው የገጠሙት። በአራት ስንኝ አንድ ርካሽ ጥንድ ይታለፋል፤ ሁለት ከሆነ ግን ግጥሙ የደብዳቤ መዝጊያ ይመስላል።

ለዚህ ርዕስ አማርኛ ያዘጋጀው ትልቁ መሣሪያ ኅብረ ቃል፣ ሁለት ትርጉም የሚይዝ ቃል፣ ነው፣ ያውም ከክፍል ሳንወጣ። «ቀረ» ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣም ማለት ነው፤ ላይመለስ ቀረም ማለት ነው። «አለፈ» ክፍል አለፈ ነው፤ ሞተም ነው። ልጁ ሰሙን ብቻ ይዞ «ጓደኛዬ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ» ቢል አንባቢው ወርቁን ቀድሞት ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው የዋህነት የሚባለው፤ ልጁ ወርቁን የሰማበት ስንኝ ደግሞ የልጅነቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ኅብረ ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል፣ መግለጫም አይጨመርበት። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ማጠር እንኳ ሰምና ወርቁን ማፍረስ ነው።

የተናጋሪው ዕድሜ ይወሰን። በ6-2-4 አደረጃጀት (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 4 ሁለተኛ ደረጃ) አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ያበቃል፤ በቀድሞው እስከ 8ኛ ነበር፣ ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተናም የዚያ መዝጊያ ነበር። የ12 ዓመት ልጅና የ14 ዓመት ልጅ የሚያውቁት አንድ አይደለም። «ሚኒስትሪ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ተናጋሪው ገና ጥርሱን የሚነቅል ሕፃን ሊሆን አይችልም።

ግጥሙ ሐዋሳ ላይ ከሆነ ደግሞ ሐይቁን ለማስለቀስ አይቸኮል፤ ሐይቁ በግጥም በቂ አልቅሷል። ታቦር ተራራና የዓሣ ገበያው አሞራ ገደልም አብረው ከተጨመሩ የጉብኝት ወረቀት ይወጣዋል። አንድ ይበቃል። አባ ኮዳ ጥሩ ነው፦ ራሱ መላጣ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ርዕሰ መምህር የሚመስል ወፍ። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የሚውል ነው። ስም ሲጠራ የክፍሉ ቆርቆሮ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚጠብቅ ግን አይነገር።

አጭሩ የቡሄ በሉ ምት፣ 4 በ4፣ ለጨዋታው ክፍል ይስማማል። ግጥሙን በሙሉ በእርሱ መጻፍ ግን አደጋ አለው፤ ሐዘኑም አብሮ ይዘላል። በ4 በ4 ጀምሮ ስም ጥሪው ላይ ወደ የወል ቤት ቢገባ፣ የስንኙ መርዘም ብቻውን እርምጃውን ያከብደዋል።

መጨረሻው ከድብብቆሽ ይወሰድ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል፣ ተደባቂዎቹ «አልነጋም» ይላሉ፤ ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ነው «ነጋ» የሚባለው። ይህን ብዙ አንባቢ ስለሚያውቅ የመጨረሻው ስንኝ ጥሪውን ብቻ ይያዝ፦

አኩኩሉ …

ምጣኔው እዚህ ሆን ተብሎ ይጎድላል። መድረክ ላይ ሲነበብ የመልሱን ያህል፣ ሦስት ቀለም የሚሞላ ዝምታ ይሰጠው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በሹክሹክታ ቢመልስም ንባቡ አይቀጥል።