ልጆቹን ያልሰጠናቸው ጎረቤት

በስኮትላንድ ከኬርንጎርም ተራሮች ግርጌ በሚገኝ ትንሽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህራን ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ተማሪዎቻችን ከ30 አይበልጡም። ገና አምስት ዓመት ያልሞላው የፕራይመሪ 1 ሕፃንም፣ ለሁለተኛ ደረጃ የተቃረበው የፕራይመሪ 7 ልጅም የሚማሩት በሁለት ክፍል ተከፍለው ነው። የትልልቆቹን ክፍል ርእሰ መምህርቷ ራሳቸው ያስተምራሉ። ከእርሳቸው ሌላ አንዲት መምህርት፣ የምሳ አብሳይ፣ ለጥቂት ሰዓት የምትመጣ ጸሐፊና እኔ አለን። ሠራተኛው ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ አስተምሬ ስለመጣሁ ብርዱ አላስደነገጠኝም። የከበደኝ ጨለማው ነበር። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ሩቅ የሚኖሩት ልጆች ከቤታቸው በጨለማ ይነሳሉ፤ ትምህርት አብቅቶ ቤታቸው ሲደርሱም ብርሃን እየሸሸ ነው። ይህም ሆኖ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ዘግቶ ማዋል የሚባል ነገር የለም። ካፊያ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ በዕረፍት ሰዓት ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢሌን ዋይሊ የተባሉ ርእሰ መምህርት ስተርሊንግ በሚገኘው ሴንት ኒኒያንስ ትምህርት ቤት የጀመሩት የየዕለቱ የ15 ደቂቃ ሩጫ ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛምቷል፤ የእኛዎቹም ይሮጣሉ። ሲመለሱ ኮሪደሩ በረጠበ ቦቲ፣ በጠፋ ጓንትና በተገላበጠ ሹራብ ይሞላል። ከሥራዬ ትልቁ ክፍል ይህን መልክ ማስያዝ ነው፤ የምወደውም ሥራ ነው።

በእነዚህ ወራት የልጆቹን ልብ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። ከገና በፊት ለበዓሉ የሚሆነውን የስኮትላንድ ባህላዊ ጭፈራ አዳራሹ ውስጥ ይለማመዳሉ። ከገና በኋላ ደግሞ ተራው የሮበርት በርንስ ነው። ገጣሚው በ1759 የተወለደው ጃንዋሪ 25 ቀን፣ በእኛ ጥር 17 መሆኑ ነው፣ ስለነበር በዚያ ሰሞን ልጆቹ በስኮትስ ቋንቋ የተጻፈ ግጥም በቃላቸው አጥንተው በወላጆች ፊት ያቀርባሉ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የደረሰውም በዚሁ የግጥም ልምምድ ሳምንት ነው።

በእኛ አካባቢ በረዶ ሲጥል ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይከፈት ብሎ የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። በረዶው ሌሊት ከጣለ ውሳኔው ቀላል ነው፤ ወላጆች ጠዋት መልእክቱን ሰምተው ልጆቻቸውን ቤት ያስቀራሉ። አስቸጋሪው ልጆቹ ከገቡ በኋላ የሚመጣው በረዶ ነው። ከኮክብሪጅ ወደ ቶሚንቶል እንደሚያሻግረው ኤ939 ያሉት የተራራ መንገዶች ቶሎ ይዘጋሉ፤ ጨው የሚበትኑት መኪናዎችም ቅድሚያ የሚሰጡት ለዋና ዋናዎቹ መንገዶች ነው።

የዚያን ቀን ትንበያው ማታ ይጥላል ያለው በረዶ ከምሳ በፊት ደረሰ። የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ደውሎ ቀድሞ እንደሚመጣ ነገረን፤ እንዳለውም መጥቶ በሸለቆው ማዶ የሚኖሩትን ልጆች ይዞ ሄደ። እርሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን ብዙ ነገር ተከትሎት ይቆማል። ማሞቂያው የሚሠራው በነዳጅ ቢሆንም የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ ነውና ክፍሎቹ ወዲያው መቀዝቀዝ ጀመሩ። መደበኛው ስልክ በኢንተርኔት መስመር የሚሠራ ስለሆነ እርሱም ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ የሞባይሉም ኔትወርክ ተቋረጠ። ሲሚስ የሚባለው፣ የስኮትላንድ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን መረጃ የሚያስቀምጡበት የኮምፒውተር ሥርዓትም ሊከፈት አልቻለም። የወላጆች ስልክ፣ የተጠሪዎች ስም፣ የልጆቹ አድራሻ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ርእሰ መምህርቷ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። የቀሩትን ልጆች በሙሉ ካፖርት አስለብሰን አዳራሽ እንድንሰበስብ አዘዙን፤ አንድ ክፍል ማሞቅ ሁለት ከማሞቅ ይሻላል፤ ልጆቹንም በአንድ ዓይን ለማየት ይመቻል። ስም ጠሩ፤ ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አንድ ሰማያዊ ክላሰር አወጡ። ጸሐፊዋ ሰኞ ሰኞ የምታትመው ዝርዝር ነው፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ በአጠገቡም ልጁን እንዲወስዱ ወላጆቹ የፈቀዱላቸው ሰዎች ስም ተጽፏል። ኮምፒውተር እያለ ወረቀት ማተሙ ለምን ያስፈልጋል ብለው የሚያጉረመርሙ እንደነበሩ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ክላሰሩን ሰጥተውኝ «በሩን አንቺ ያዢ» አሉኝ። «ስሙ እዚህ ላይ ለሌለ ሰው ልጅ አይሰጥም። የሚወስድ ሁሉ ይፈርም፤ ሰዓቱን ከጎኑ ጻፊ።»

ወላጆች አንድ በአንድ እየመጡ ፈረሙ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ወዲያው እኒያ አዛውንት ገበሬ በላንድሮቨራቸው ደረሱ። እኒህ ሰው ማን እንደሆኑ ካልተረዳችሁ የሆነውን አትረዱትም። በረዶ በጣለ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃቸው የትምህርት ቤቱን ደጅ በትራክተራቸው የሚጠርጉት እርሳቸው ናቸው። የልጆቹ የገና ዝግጅት ሲኖር ከፊት ወንበር አይጠፉም። አሁን የመጡት ከእርሻቸው አጠገብ የሚኖሩትን እኅትና ወንድም ለመውሰድ ነበር። «እናትየው ለሥራ አቪሞር ነች፤ መንገዱ ሳይይዛት አይቀርም። እኔ ወደ ቤት እየሄድሁ ነው፤ ላድርሳቸው» አሉኝ። ትንሿ ልጅ ድምፃቸውን ሰምታ ቦርሳዋን ለማምጣት ሮጣለች።

ዝርዝሩን አየሁ። እናት፣ አባት፣ ኢንቨርነስ የምትኖር አክስት። የእርሳቸው ስም የለም።

እኔ ያደግሁት ልጅ የጎረቤትም ልጅ በሆነበት ሰፈር ነው። እናቴ ገበያ ከዋለች የምበላው ከጎረቤት ቤት ነበር፤ ያጠፋሁ እንደሆነ የሚቆጣኝም ያገኘኝ ትልቅ ሰው ነው። በረዶ ላይ የቆመን ሽማግሌ፣ ያውም ለደግነት የመጣን ሰው፣ «አይቻልም» ማለት ለእንደ እኔ ያለ ሰው ቀላል አይደለም። ቢሆንም አልኋቸው። «እርስዎን አምናለሁ፤ ስምዎ ግን እዚህ ላይ የለም። ርእሰ መምህርቷን ልጥራልዎት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እነዚህን ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ እኮ!»

ርእሰ መምህርቷ መጡ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ወይ ደንብ እየጠቀሰ ይደርቃል፣ ወይ አፍሮ ይሸነፋል። እርሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። «እርስዎን የማያውቅ እዚህ የለም» አሏቸው። «ወላጆቻቸው ሳይነግሩኝ ግን ልጆቹን ለማንም አልሰጥም። ይግቡና አብረውን ይጠብቁ። ዛሬ እርስዎና መኪናዎ ሳታስፈልጉን አትቀሩም።»

አዛውንቱ ጥቂት ቆመው ከጫማቸው በረዶውን አራገፉና ገቡ። አብሳያችን መብራት ሳይጠፋ ሾርባውን አድርሳ ስለነበር አንድ ሳህን አቀረበችላቸው። መምህርቷ ልጆቹ ብርዱን እንዲረሱ ግጥማቸውን እያስባለቻቸው ነበር፤ አንዱ ልጅ መሐል ላይ ጠፋበት። አዛውንቱ ከተቀመጡበት ሆነው ቀጣዩን ስንኝ አሉለት። በልጅነታቸው እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ተምረውት ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል። ከዚያ በኋላ የልምምዱ መሪ እርሳቸው ሆኑ፤ ቃሉ በአባቶቻቸው አፍ እንዴት እንደሚባል ለልጆቹ እየደጋገሙ አሳዩአቸው።

ከዚህ በኋላ አባትየው ደረሰ። መኪናው ዳገቱ ሥር ተይዞበት የቀረውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። የመጣውም በዋናው መንገድ ነው። አዛውንቱ ልጆቹን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ የሚሄዱት በላይኛው የእርሻ መንገድ ስለነበር አይተላለፉም። ስልክ የለም። እናትየውም በሌላ አቅጣጫ ከአቪሞር ተነሥታለች። ስለዚህ ሦስት ለልጆቹ የሚጨነቁ ሰዎች በሦስት መንገድ በበረዶ ውስጥ ሲፈላለጉ ሊመሹ ነበር። አባትየው ልጆቹን አዳራሹ ውስጥ ሲያያቸው ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ፈረመ። አዛውንቱም ተነሥተው መኪናውን በገመድ ሊጎትቱለት አብረውት ወጡ።

ሌሎቹ ልጆችም በየተራ ተወሰዱ። እኛ ግን አልሄድንም፤ የእነዚያ ሁለት ልጆች እናት ገና መንገድ ላይ ነበረችና። በመጨረሻ ስትደርስ በሩ ላይ የእጅ ባትሪ ይዘን አገኘችን፤ ክላሰሩን ገልጬ የባሏን ፊርማና ሰዓቱን አሳየኋት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ርእሰ መምህርቷ ሰብስበው የዕለቱን ውሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገሩን። በዚያ ስብሰባ ላይ ያሉት ነገር የሥራዬን ትርጉም ለወጠው። በትልቅ ከተማ የማናውቀውን ሰው ማንም ይጠይቃል፤ በትንሽ መንደር ግን የምናውቀው ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ልጅ የሚጠፋብንም በዚያ በኩል ነው አሉ። እኔም እስከዚያ ቀን ዝርዝሩን የታማኝና ያልታመነ ሰው መለያ አድርጌ አየው ነበር። አዛውንቱን መመለስ ስድብ መስሎ የተሰማኝ ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ግን ስለ ሰው ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ልጁ አሁን የት ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ፣ በአንድ ቦታ እንዲገኝ የሚያደርግ ወረቀት ነው። ደግ ሰዎች ሁሉ በየራሳቸው ቢያስቡ መልሱ ሦስትና አራት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ለብርድ ወራት የሚሆን የተለየ ቅጽ ተዘጋጀ፤ መንገድ ቢዘጋ በእግር ወይም በጠንካራ መኪና መድረስ የሚችል ጎረቤት ካለ ወላጆች ስሙን እንዲጽፉ። የአዛውንቱን ስም የእነዚያ ልጆች ወላጆች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም ቤተሰቦች ጻፉት። እርሳቸውም ቂም አልያዙም። የበርንስ ዕለት ልጆቹ ግጥሙን ሲያቀርቡ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

ይህን የጻፍሁት በተለይ በብሪታንያ ልጆች ለምታሳድጉ ወገኖቼ ነው። «የእናቱን እኅት ከለከሏት፣ እንደ ሌባ አዩአት» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቅሬታው ይገባኛል። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ግን ያላት ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የምንሞላው ደግሞ እኛው ነን። ብዙ ወላጅ የራሱንና የትዳር ጓደኛውን ስም ጽፎ የቀረውን መስመር ባዶ ይተወዋል። የሰውየው ስም መታወቂያው ላይ ባለው መልክ ይጻፍ፤ ሰፈር ውስጥ በሚጠራበት ስም የተመዘገበ ሰው በር ላይ ችግር ይገጥመዋል። የስማችንም ሥርዓት ከእነርሱ የተለየ ነው። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ የአባቱ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአያቱ፤ እናትየዋም በራሷ አባት ትጠራለች። ሦስቱን ስም ጎን ለጎን ያየች ጸሐፊ እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው ብላ የምትጠረጥርበት ምክንያት የላትም። ልጁ ሲመዘገብ ይህን በቃልም በጽሑፍም ማስረዳት የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው የምትልኩበት ቀን ካለም ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩ፤ የተላከው ሰው የሚናገረው ብቻውን በቂ አይሆንም።

ግላስጎው የምትኖር ጓደኛዬ ይህን ካጫወትኋት በኋላ ትምህርት ቤት ሄዳ የወንድሟንና የፎቅ ጎረቤቷን ስም አስጽፋለች። በዚያው ስትጠይቅ የእርሷ ስልክ ሆኖ የተመዘገበው ድሮ የተወችው ቁጥር መሆኑን አግኝታ አስተካከለችው።