ባለቤቱ ሲሳሳት

ዛሬ ጭጋጉ ከሰዓት በኋላም አልተነሳም። ሐምሌ ጎንደር ላይ እንዲህ ነው። መብራትም የለም። ቡና ብቻዬን አፍልቼ ጠጣሁ። ብቻን የሚጠጣ ቡና ደግሞ ነገር ያስቆፍራል። ስልኬን ከፈትኩ።

የእትዬ ልጅ ፎቶ ለጥፏል። ያ አሜሪካ የተወለደው፣ አማርኛው «አክስቴ እወድሻለሁ» ላይ የሚያልቀው። ጓደኞቹ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከሥር በእንግሊዝኛ «የእነሱ ቤት» ሊል ፈልጎ «እዚያ ቤት» ብሎ ጽፏል። ሁለቱም ሲነገሩ «ዜር» ናቸውና። «እነሱ ናቸው» የሚለው ሦስተኛውም ያው «ዜር» ነው።

ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው እኮ! እኔ ይህንን ፈተና ላይ ሞቼ አልሳሳትም።

ከዚያ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለምንድነው እኔ የማልሳሳተው? እንግሊዝኛን ከሱ በላይ ስለማውቅ? ማን ያምነኛል! አገሩ ብሄድ ዳቦ ለመግዛት ሁለት ጊዜ ነው የምደግመው።

ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። እሱ ቋንቋውን በጆሮው ነው ያገኘው። ድምፁ መጀመሪያ ገባ፣ ፊደሉ ዘግይቶ መጣ። ፈጠን ብሎ ሲጽፍ ጣቱ የሚታዘዘው ጆሮውን ነው፤ ለጆሮ ደግሞ ሦስቱ «ዜር» አንድ ናቸው። እኛ ግን በዓይን ነው የተማርነው። ቃሉን ሰው ሲናገረው ከመስማታችን በፊት ሰሌዳ ላይ አየነው። «ቢዩቲፉል፦ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ አይ...» እያልን በዜማ ነበር የምንወርደው። ረቡዕን እንዳንስት ደግሞ «ዌድ-ነስ-ዴይ» እያልን የማይነበበውን ሁሉ እናነበው ነበር። እንግሊዝ ቢሰማን ይደነግጣል፤ ዲክቴሽን ላይ ግን አሥር ከአሥር።

እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ የት ልቀመጥ ብሎ ይጨነቃል። የቤቱ ልጅ ጫማውን ወርውሮ ያልፋል። እኔ በእንግሊዝኛ ቤት እስካሁን የት እንደምቀመጥ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ስልኩስ አያርመውም? አያርመውም። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይለይም። «ማጣት» ለማለት የሚጻፈው «ሉዝ» እና «የላላ» ለማለት የሚጻፈው «ሉስ»ም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ባለ አንድ ኦ፣ ሌላው ባለ ሁለት። «በእርግጥ» የሚሉበት «ደፊኒትሊ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መሀሉ ላይ ያለችው አናባቢ ስትነገር በጣም ስለምትዳከም ጆሮ ማንነቷን አይለይም። ስለዚህ «አይ» በሚገባበት ቦታ «ኤ» ያስገባሉ። ወዳጅ ለወዳጅ ሲጽፍ ደግሞ ማን ተመልሶ ያነባል? መልእክቱ ደርሷል፣ በቃ።

ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካክስተን የሚባለው ሰው ማተሚያ ማሽን እንግሊዝ አገር ያስገባው በ1476 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ገደማ የሰዉ አነጋገር እየተለወጠ ነበር፤ አጻጻፉ ግን እየረጋ ሄደ። ሌሊት ለማለት «ናይት» ሲጽፉ መሀል ላይ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ጂ እና ኤች ድሮ ይነበቡ ነበር። አፍ ሄደ፣ ፊደል ቀረ። ዕዳ የሚለው ቃላቸው ውስጥ ያለው «ቢ» ግን ይባስ ብሎ ሊቃውንት የላቲን ዘሩን ለማሳየት በኋላ የጨመሩት ነው። ዕዳ ላይ ዕዳ!

ይህን ሳስብ አባዬ ትዝ አለኝ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ሰሞኑን ለሥላሴ በዓል አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ አይቶ መንገድ መሀል ቆመ።

«ንጉሡን ሠ የት ጣሏት?»

ሥላሴን በእሳቱ ሰ ጀምረውት ኖሯል። ሰው እየገፋን ያልፋል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ አባዬ አይሄድም።

«አባዬ፣ ምን ለውጥ አለው? ድምፁ አንድ ነው።»

«ላንቺ ነው አንድ። በግዕዝ ፀሐይ ሠረቀ ሲባል ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፍሽው ፀሐይን ሌባ አደረግሻት።»

ሞክሼ ፊደሎች ይቀነሱ የሚለው ክርክር ስንት ዘመኑ ነው! የሚነሳው አባዬ ባለበት ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም። እንግዲህ የእኛም ነገር ያው ነው፤ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ በአማርኛ አፍ አንድ ሆነዋል። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ሁለቱን ቢያምታታ ምን ይገርማል? በቃ ባለቤት ነው፣ ጫማውን ወርውሮ ገብቷል።

እንደዚያ ከሆነ ግን አባዬ ምንድነው? እንግዳ ነው እንዳልል፣ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይበልጣል። አንድም ፊደል አይስትም። የሠራሁት ቲዎሪ በገዛ አባቴ ፈረሰ።

መብራት መጣ። ይህን የምጽፈው በስልኬ ነው። እንግሊዝኛ ስጽፍ በየቃሉ ቀይ ያሰምርብኛል፣ አማርኛ ስጽፍ ዝም ነው። ቆይ፣ አምኖኝ ነው ወይስ ንቆኝ?