በዱላ የተሰመረች መስመር

ዛሬ ጠዋት ስሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ካምፕ። አንድ እንግዳ «ራሴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ፤ ቧሂት ተራራ እንውጣ» አለ።

አስጎብኚው የስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ዱላ ተቀብሎ አፈሩ ላይ ሦስት ሜትር ያህል መስመር አሰመረ። «ተረከዝዎን ከጣትዎ እያስነኩ በዚህ ላይ ይራመዱ።» አራተኛው እርምጃ ላይ ሰውየው ወደ ጎን ተንገዳገደ።

ራስ ምታት ብቻ ቢሆን እዚያው አርፎ ማየት ይቻል ነበር። ከፍታ ላይ ሚዛን መሳት ግን አንጎል ማበጥ መጀመሩን ያመለክታል፤ ክኒን ውጦ መተኛት አያዋጣም፣ ወዲያው መውረድ ነው፣ ያውም ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ግድም ነው፣ ቧሂት ከ4,400 ይበልጣል። ዝቅ ብሎ ባለው ሳንቃበር ካምፕ ሳያሳድር እንግዳን በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የሚያደርስ ፕሮግራም በጣም ያሳስበኛል።

አስጎብኚው ዱላውን መለሰና ሹፌሩን ጠራ።