ማሽኑ ወደ እኛ የመለሰው ናሙና

ዛሬ የላቦራቶሪያችን የደም ቆጠራ ማሽን የአንድ ናሙና የነጭ ደም ሴል ቁጥር ከ180,000 በላይ ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ምልክት አሳየን። በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም የሚጠበቀው ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። ማሽን ቆጠራ ላይ ጎበዝ ነው፤ መልክ መለየት ሲከብደው ግን ወደ እኛ ይመልሰዋል። እውነት ለመናገር ደስ ይለኛል!

ጠብታዋን ስላይድ ላይ በስሱ ዘርግቼ፣ በራይት ቀለም አቅልሜ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች በየዕድሜያቸው ሰልፍ የወጡ ይመስላሉ፤ ያልበሰሉት ማይሎሳይቶች፣ ጎረምሶቹ፣ ኒውክሊየሳቸው የተከፋፈለው አዋቂዎች። በጤነኛ ደም ከመቶ አንድ እንኳ ላይሞላ የሚችለው ቤዞፊል የተባለው ነጭ ሴልም ጥቋቁር ቅንጣቶቹን ተሸክሞ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል።

ከባድ ኢንፌክሽንም ነጭ ሴልን ያበዛል፤ የቤዞፊል መብዛት ግን ጠባዩ አይደለም። እኔ የጠረጠርሁት ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለውን የደም ካንሰር ነው። ማረጋገጫው የቢሲአር-ኤቢኤል ጂን ምርመራ ነው፤ ይህ ጂን የሚፈጠረው በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተገኘው፣ የፊላደልፊያ ክሮሞሶም በሚባለው ያልተለመደ ክሮሞሶም ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ውጤት ወረቀት አይጠብቅምና ለሐኪሙ ደወልሁ። «የታካሚው ጣፊያም አብጧል» አለኝ፤ ይህም ከጥርጣሬዬ ጋር ይገጥማል።