«አንደኛ ትወጣ ነበር»

በብስክሌት ውድድር ላይ ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ ቤታችን ከጠያቂ ተለይቶ አያውቅም፤ የሚመጣውም ሰው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ነገር ሳይናገር አይነሣም፦ «አቦ፣ አንደኛ ትወጣ ነበር እኮ!» የትከሻዬ ሕመም ቀስ በቀስ ሲቀልልኝ ይህ ማጽናኛ ግን እየከበደኝ ስለ መጣ፣ ነገሩ በሰው አፍ ሌላ መልክ ሳይዝ እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ።

ድሬዳዋ ሜዳ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋን ሲያስቆረቁር፣ ወደ ሐረር እንዳይዘልቅ ያስቸገረው ከበስተጀርባዋ የቆመው ተራራ ነበር። ሜዳነቷ ብስክሌትን ለሕፃን ለሽማግሌው አስለምዶላታል፤ ለተወዳዳሪ ግን ጣጣ አለው። ወደ ደንገጎ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ቢሆን አቅም ያነሰው በየመታጠፊያው እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ እኛ በሳቢያንና በከዚራ መካከል የምንመላለስበት አስፋልት ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ደካማውም ቢሆን ከፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ከነፋስ ተከልሎ ጉልበቱን ይቆጥባልና፣ ጎበዙም ሰነፉም ክርን ለክርን ተፋፍጎ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ውድድሩ የሚለየው በዚያች በመጨረሻዋ ሩጫ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው።

ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደውን የመጨረሻ ቀጥታ መንገድ ስንይዝ ከፊቴ አምስት ሰዎች ነበሩ። ይህን ቁጥር አጥብቄ የያዝሁት ጠያቂዎቼ ሁሉ ስለ ረሱት ነው። እግሬ ዝሎ ነበር፤ ፀሐይዋም ገና በማለዳ አናት መብሳት ጀምራለች። ማርሽ ለመቀየር አስቤ ሳልጨርስ፣ ከፊቴ ያለው ልጅ ከአስፋልቱ ዳር የተከማቸውን አሸዋ ሸሽቶ ወደ እኔ ወገን ጠጋ አለና የኋላ ጎማው የፊት ጎማዬን ጎን ነካው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ ለሚያውቅ፣ አሸዋ በዚህ ከተማ ከየት እንደሚመጣ መንገር አያስፈልግም። ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄደው ነጂው ሳይታወቀው የፊት ጎማውን ወዲያና ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ እያረመ ሚዛኑን ስለሚጠብቅለት ነው፤ ያ ጎማ በሌላ ጎማ ሲያዝ ማረም አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ንክኪ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ነው፤ የፊተኛው ትንሽ መንገጫገጭ ተሰምቶት ይቀጥላል።

በቀኝ ትከሻዬ ወደቅሁ። ስለ ሕመሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ራጁ አጥንቴ እንዳልተሰበረ አሳይቷል። ከአወዳደቁ ይልቅ የባሰው ነርሷ ከተላላጠው ክርኔ አሸዋውን እያሸች ስታወጣ የነበረው ጊዜ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌውማ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ካቴናው የወለቀ፣ የፊት ቸርኬውም የተጣመመ ብስክሌቴን እየጎተትሁ መስመሩን በእግሬ ሳልፍ፣ ሕዝቡ ለአሸናፊው ካጨበጨበው የበለጠ አጨበጨበልኝ። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ሆኜ በሰላም ብገባ ኖሮ ስሜን የሚያነሣ አልነበረም፤ ወድቄ ግን በሰፈራችን አንደኛ ሆንሁ።

በብዙ ቀናት በሚካሄዱ የጎዳና ውድድሮች ላይ የሚሠራ አንድ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው 3 ኪሎ ሜትር ወዲህ የወደቀ ተወዳዳሪ፣ ሲወድቅ አብሮት የነበረው ቡድን የገባበት ሰዓት ይመዘገብለታል፤ መድረሻው ተራራ ላይ ከሆነ ግን ደንቡ አይሠራም። እኔን የሚማርከኝ ደንቡ የማይሰጠው ነገር ነው፤ ሰዓቱን ይመልስለታል እንጂ ደረጃውን አይገምትለትም፤ ደረጃው መስመሩን ባለፈበት ተራ ይጻፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ወደ ኒም ከተማ ሲገባ፣ መድረሻው አጠገብ ወድቆ ነበር። የዚያ ማሊያ ነጥብ የሚታደለው በአገባብ ተራ ስለሆነ በዚያ ሩጫ ያገኝ የነበረው ነጥብ አመለጠው፤ ተቀናቃኙ ያስፐር ፊሊፕሰን አንደኛ ወጥቶ ልዩነቱን አጠበበበት። «ቢንያም ባይወድቅ ኖሮ» ብሎ ነጥብ የጨመረለት ዳኛ የለም። ማሊያውን እስከ መጨረሻው ይዞ የጨረሰው ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ ከዚያም በኋላ ቁስሉን አሽጎ ተወዳድሮ ነው። እኔን ከእሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ዳኞቹን ከጠያቂዎቼ ጋር ማወዳደሬ ነው።

ጠያቂዎቼ ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን የሰጡኝን ድል ልመልስላቸው ስሞክር «ትሑት ነው» እያሉ ጭራሽ ይጨምሩልኛል። የሰፈራችን የብስክሌት ጠጋኝ እንኳ፣ ቸርኬውን ሲያቃኑ የጎማውን አበላል አይተው «ይሄ የአሸናፊ ጎማ ነው» አሉኝ። ጋሼ ስንት ዓመት ሲሠሩ ጎማ አይተው ደረጃ ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት ማታ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። እናቴ ሻይ አፍልታ፣ ፈጢራ አቅርባ፣ እንደ ልማዷ «ልጄ ሊወስደው ነበር አይደል?» አለችው። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከመውደቁ በፊት ትንፋሹ አጥሮ ይሰማኝ ነበር፤ ስድስተኛም ከወጣ ጥሩ ነው» አላት። ከወደቅሁ ወዲህ ትከሻዬን እስኪያመኝ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። እሱን ሸኝቼ ስመለስ እናቴ የተረፈውን ፈጢራ እየከደነች፣ «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ማሩን አላፈስለትም ነበር» አለች።