ለእህቴ የእርግዝና መጽሐፍ ስመርጥ

ዛሬ ለነፍሰ ጡሯ እህቴ የእርግዝና መመሪያ መጽሐፍ ስመርጥ ዋልኩ። ሽፋኑ ያማረ ሞልቷል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት የታተመበትን ዓመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይደረግ ብሏል፤ አሁንም 4 ይበቃል የሚል መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል።

ከዚያ የአደጋ ምልክቶችን ፈለግኩ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። እነዚህ ቶሎ የሚገኙበት ገጽ ላይ መሆን አለባቸው። የደነገጠች እናት መጽሐፍ ሙሉ አታገላብጥም!

«እንዲህ ካላደረግሽ ልጅሽ ይጎዳል» እያለ የሚያስፈራራውን መለስኩት። እርጉዝ ሴት ጭንቀት መች አነሳት? የገዛሁት ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድብርትም ሰፊ ምዕራፍ አለው። ነገ እሰጣታለሁ።