ሁሉም ላይ 5

የምንሰራውን የብድር አፕ ሰዎች የሞከሩበትን የቴስት ውጤት ኤክሴል ላይ እየሞላሁ ነው ያመሸሁት፣ እና የእርካታው ኮለም ከላይ እስከታች 4 እና 5 ነው፣ አንድ ሰው እንኳን "አልወደድኩትም" አላለም። ግን ሲሞክሩት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳይ ስለነበር ይሄን ቁጥር እንዲሁ ሪፖርት ላይ ማስገባት አልዋጥልህ አለኝ።

አንድ እናት ነበሩ። አፑ የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ ሲነኩት የፈረንጅ ካላንደር ይመጣል፣ የሚጀምረው ከያዝነው ወር ነው፣ ቀስቷ ደሞ በአንዴ አንድ ወር ብቻ ነው ወደኋላ የምትመልሰው። እሳቸው የሚያውቁት ጥር 1962 መወለዳቸውን ነው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስቷን ነካ ነካ እያረጉ ወደኋላ መሄድ ጀመሩ፣ ጣታቸው ትንሽ ሲስት የሆነ ቀን ይመረጥና ካላንደሩ ይዘጋል፣ እንደገና ሲከፍቱት ከዛሬ ይጀምራል። እሳቸው የተወለዱበት በፈረንጅ 1970 ስለሆነ እዛ ለመድረስ ከ600 ጊዜ በላይ መንካት አለባቸው ማለት ነው፣ ያውም ልዩነቱን ራሳቸው ካሰቡት። መጨረሻ ላይ ስልኩን ወደኔ ገፋ አርገው "ልጄ፣ እስቲ አንተ ሙላልኝ" አሉኝ። ከዛ መጠይቁን ስሰጣቸው ሁሉም ላይ 5 አሉና "በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

እኔ እሳቸው ዋሹ አልልም፣ በጭራሽ። የጋበዝናቸው እኛ፣ ለስላሳ ያቀረብን እኛ፣ አፑን የሰራነው እኛ፣ ጠያቂውም እኛ። እንግዳ ሆኖ የቀረበለትን ወጥ ጨው በዛበት የሚል ማን አለ? ስለ አፑ ስንጠይቃቸው የመለሱልን ስለኛ ነው።

መጠይቁ ሲስተም ዩዛቢሊቲ ስኬል የሚባለው፣ አንድ ነገር ለመጠቀም ምን ያህል እንደሚመች የሚለካው ነው፣ ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሚባል የኮምፒውተር ካምፓኒ ውስጥ ሲሰራ ያዘጋጀው። 10 አረፍተ ነገር አለው፣ ለእያንዳንዱ ከ1 (በጭራሽ አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ትሰጣለህ፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ አፑን የሚያሞግሱ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ የሚነቅፉ፣ እና ነቀፌታው ላይም 5 ካልክ ነጥብህ ይወርዳል። 4ኛው ለምሳሌ "ይሄን ለመጠቀም የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገኛል" ነው የሚለው። የሁሉም ነገር መልስህ 5 ከሆነ አምስቱ ሙገሳዎች 4 4 ነጥብ፣ አምስቱ ነቀፌታዎች 0 ይሰጡህና ተደምሮ በ2.5 ሲባዛ ከ100 የምታገኘው 50 ነው፣ አማካይ ተብሎ የሚወሰደው ደሞ 68 አካባቢ ነው። የኛ ቲም ግን ነቀፌታዎቹ ሰው ያደናግራሉ ብሎ ሁሉንም ወደ ሙገሳ ቀየራቸው። ማደናገሩ እውነት ነው፣ ባማርኛ "አይደለም" የሚል አረፍተ ነገር ላይ "አልስማማም" ማለት ለማንም ይከብዳል፣ ግን አንዴ ከተቀየረ በኋላ እሺ ባይነትን የሚያጋልጥ ምንም ነገር አልቀረልንም፣ ያ 50 የነበረው 100 ሆኖ ቁጭ አለ።

አይሶ 9241-11 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እኮ ስለ ዩዛቢሊቲ ሲያወራ ሶስት ነገር ነው የሚጠይቀው፣ ሰውየው ያሰበውን ጨረሰ ወይ፣ ምን ያህል ለፋበት፣ እና ረክቷል ወይ። እርካታ ሶስተኛዋ ናት። አለቆች ግን ሁሌ የሚፈልጉት እሷን ነው፣ ስላይድ ላይ ስለምታምር መሰለኝ። ብድር የሚፈልግ ሰው ፎርሙን መጨረስ ካልቻለ ቢረካ ባይረካ ምን ይጠቅመዋል፣ የሰፈር ልጅ ፒን ኮዱን አውቆ ሊሞላለት ነው እኮ፣ እሱ ነው በጣም የሚያስፈራኝ።

ስለዚ ሪፖርቱን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ማን ጨረሰ ማን አልጨረሰም፣ ቀጥሎ የት ቆሙ፣ እርካታው መጨረሻ ላይ ከነማብራሪያው። የትውልድ ቀኑ ባማርኛ ወር ይመረጥ፣ ጳጉሜም ትግባ፣ አመተ ምህረቱ በቁጥር ይጻፍ፣ ወደ ፈረንጅ መቀየሩ የአፑ ስራ ይሁን ብያለሁ። ለሚቀጥለው ዙር ደሞ ጠያቂው ከኛ ቲም ውጪ የሆነ ሰው እንዲሆን፣ "ወደዱት ወይ" በሚለው ፋንታም "ጎረቤትዎ ሊጠቀምበት ቢል የቱ ጋር ይጠንቀቅ ይሉታል" ብለን እንድንጠይቅ ጽፌ ላክሁት።